ከመድረክ እስከ መድረክ፦ የዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ የጉዞ ኑሮ

የሙዚቀኛ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የመድረኩ ታሪክ ነው። ምን እንደ ተጫወተ፣ ስንት ሸክላ እንዳስቀረጸ፣ ሕዝቡ እንዴት እንዳጨበጨበለት ይተረካል። ነገር ግን በጉዞ የሚተዳደር ሙዚቀኛ መድረክ ላይ የሚቆየው በቀን ውስጥ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረውን ሃያ ሰዓት የት አሳለፈው? የት ተኛ? ምን በላ? ልብሱንስ የት አጠበ? ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ አዲስ ድርሰት ለመድረስ ጊዜውን ከየት አመጣው?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሙያው የመንገድ ሥራ እንጂ ሙዚቃ አይደለም። ሆኖም ከአንዱ የሥራ ሠፈር ወደ ሌላው እየተዛወረ፣ ብዙ ሌሊት በድንኳን ውስጥ እያደረ የቆየ ሰው እንደ መሆኑ እነዚህ ጥያቄዎች ከሙዚቃው ባላነሰ ያሳስቡታል። በአገራችን አዝማሪ ማሲንቆውን አንግቶ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ሲዞር መኖሩ የታወቀ ነው። አዝማሪው ግን ብቻውን፣ ቢበዛ ከሚስቱ ጋር ነው። እዚህ የምንመለከተው አሥራ አምስት ያህል ሙዚቀኞችን ከነመሣሪያቸው ይዞ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በመንገድ ላይ የኖረውን የአሜሪካዊውን የዱክ ኤሊንግተንን ጉዳይ ነው። ዘመኑ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤድዋርድ ኬኔዲ ኤሊንግተን በዋሽንግተን ከተማ ሚያዝያ 29 ቀን 1899 ተወለደ። «ዱክ»፣ ማለትም መስፍን፣ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት በልጅነቱ የአለባበሱንና የአነጋገሩን ጥንቃቄ ያዩ ጓደኞቹ ናቸው። አባቱ በሰው ቤት አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራ ነበረ፤ በኋላ ደግሞ ለባሕር ኃይሉ የፕላን ቅጂዎችን፣ እኛ ብሉ ፕሪንት የምንላቸውን፣ ያዘጋጅ እንደ ነበረ ተጽፎአል። ይህን ያነሣሁት ለሙያ ባልደረቦቼ ደስ እንዲላቸው ብቻ ነው። ልጁ በታኅሣሥ 1927 በኒው ዮርክ፣ በሐርለም ሠፈር፣ ኮተን ክለብ በተባለው የምሽት ቤት ተቀጠረ። በዚያ ቤት መድረክ ላይ የሚሠሩት ጥቁሮች ሲሆኑ ተቀምጠው የሚያዩት ነጮች ነበሩ። ሙዚቃው ግን በሬዲዮ እየተላለፈ በመላው አገር ተሰማ። በመሆኑም በ1931 ኦርኬስትራው ክለቡን ለቅቆ ወደ ጉዞ ሲወጣ ስሙ ቀድሞት የደረሰበት ከተማ ብዙ ነበረ። ችግሩ፣ ስሙ የገባበት ቤት ሁሉ እሱን አለማስገባቱ ነው።

በደቡብ ክፍላተ ሀገር የነበረው የመድልዎ ሕግ ከባቡር ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው። በ1892 ሆሜር ፕሌሲ የተባለ ሰው በሉዊዚያና ለነጮች በተለየ ፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ አልነሣም በማለቱ ተያዘ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ በ1896 ጥቁሩንና ነጩን ለይቶ ማስተናገድ አገልግሎቱ እኩል እስከ ሆነ ድረስ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲል ወሰነ። «እኩል» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ቀረ፤ «ለይቶ» የሚለው ግን ከፉርጎው ወጥቶ ወደ ሆቴሉ፣ ወደ ምግብ ቤቱ፣ ወደ ውኃ መጠጫው፣ ወደ መጸዳጃው ገባ። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ ሺህ ሰው ያስጨፈረ ጥቁር ሙዚቀኛ ከሥራው በኋላ እራት የሚሸጥለትና አልጋ የሚያከራየው አያገኝም ነበር። የሚጠለለው በጥቁሮች ሠፈር በግለሰብ ቤት ነው፤ ለአሥራ አምስት ሰው ደግሞ ከአምስትና ከስድስት ቤት መለመን ይጠይቃል። ጥቁር መንገደኞችን የሚያስተናግዱ ቤቶችን የሚዘረዝረው የቪክቶር ግሪን መመሪያ መጽሐፍ በ1936 መታተም የጀመረው ለዚህ ነው።

ኤሊንግተንና በጊዜው ሥራ አስኪያጁ የነበረው ኧርቪንግ ሚልስ በ1930ዎቹ አጋማሽ ለደቡብ ጉዞአቸው ያገኙት መፍትሔ ለአንድ መሐንዲስ እጅግ የሚያስደስት ነው። ሁለት የፑልማን የመኝታ ፉርጎዎችና ርዝመቱ 70 ጫማ፣ ማለትም ከ21 ሜትር በላይ የሆነ አንድ የዕቃ ፉርጎ ተከራዩ። የፑልማን ፉርጎ ቀን ወንበር የሆነው ሌሊት አልጋ የሚሆንበት፣ ሁለተኛ አልጋ ደግሞ ከጣራው በኩል ተከፍቶ የሚወርድበት ነው። በዕቃው ፉርጎ ውስጥ መሣሪያዎቹ፣ የልብስ ሣጥኖቹና የራሳቸው የመድረክ መብራት ይጫናል። ባቡሩ ከከተማው ሲደርስ ፉርጎዎቹ ተፈትተው ለሥራው በሚመች ሐዲድ ላይ ይቆማሉ። የውኃ፣ የእንፋሎት፣ የፍሳሽና የበረዶ አቅርቦት ይገናኝላቸዋል። ሙዚቀኞቹ ታጥበው፣ ለብሰው፣ ወደ አዳራሹ ሄደው፣ ተጫውተው ይመለሳሉ፤ ሌሊቱን ሌላ ባቡር ጎትቶአቸው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። እነሱም ተኝተው ይነቃሉ።

እነዚህ አራት ነገሮች ለምን እንዳስፈለጉ ላብራራ፤ አንባቢ ቀላል ነገር እንዳይመስለው። የዚያ ዘመን የመንገደኛ ፉርጎ ሙቀት የሚያገኘው ከሎኮሞቲቩ በቱቦ ከሚመጣለት እንፋሎት ነው፤ መብራቱን የሚያገኘው ደግሞ ከመንኰራኵሩ አክሰል ጋር ከተያያዘ ጄኔሬተርና ከባትሪ ነው። ሲሮጥ ሁሉ ነገር አለው። ሎኮሞቲቩ ሲፈታና ፉርጎው ሲቆም ግን ሙቀቱ ይቋረጣል፣ ባትሪውም ቀስ በቀስ ይደክማል። የመጸዳጃው ቱቦ በቀጥታ ወደ ሐዲዱ የሚፈስ ስለሆነ በጣቢያ ውስጥ መጠቀም ክልክል ነው። በሌላ አነጋገር ፉርጎ የሚሠራው ለመሮጥ እንጂ ቆሞ ቤት እንዲሆን አይደለም። እነዚህ ሰዎች ግን በየከተማው ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ቤት አደረጉት። ይህንን ያሰበው ሰው አልጋ የሥራ አካል መሆኑን ያወቀ ሰው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሠራበት በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ የማሽኖቹ መጠለያ ቀድሞ ሲሠራ የሠራተኛው መኝታ የተጠናቀቀው ክረምቱ ከገባ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነበረ። የዚያን ጊዜ ስለ ኤሊንግተን ፉርጎዎች አላውቅም ነበር እንጂ ባውቅ ኖሮ በስብሰባው ላይ እጠቅሳቸው ነበር።

ኤሊንግተን በ1973 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ስለ ፉርጎዎቹ በኩራት ይናገራል። የሚያዩአቸው ሰዎች የአገሪቱ ፕሬዚዳንትም የሚጓዘው እንዲሁ ነው ይሉ እንደ ነበር፣ ይህም አክብሮትን እንዳስገኘላቸውና ችግርን እንዳራቀላቸው ያወሳል። እውነትም ዘዴው የሕጉን ቀዳዳ የሚያውቅ ነበረ። ፉርጎውን በሙሉ ለተከራየ ሰው የሚለይበት ሌላ መንገደኛ የለም። ነጠላ ትኬት የገዛ ጥቁር ግን እንዲህ ያለ መከላከያ አልነበረውም። በ1937 አርተር ሚቸል የተባለው፣ በዚያን ጊዜ በምክር ቤቱ ውስጥ ብቸኛው ጥቁር እንደራሴ የነበረው ሰው፣ የአንደኛ ማዕረግ ትኬት ይዞ ወደ አርካንሳስ ሲጓዝ ከፑልማን ፉርጎ ተነሥቶ ወደ ጥቁሮች ፉርጎ እንዲዛወር ተገደደ። ከሶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1941 ፈረደለት።

የሆነ ሆኖ የሁለቱን ፉርጎዎች ምቾት ብቻ አይተን ማለፍ አይገባንም። መጋረጃው በተዘጋ ጊዜ ፉርጎው ቤተ መንግሥት ነው፤ ከከተማው በኩል ሲታይ ግን ወደ ከተማው መግባት የተከለከለ ሰው ማደሪያ ነው። አልጋውን የሚያነጥፉት የፑልማን አገልጋዮችም በአብዛኛው ጥቁሮች ነበሩ። በፊሊፕ ራንዶልፍ የሚመራው ማኅበራቸው በ1925 ተመሥርቶ ከኩባንያው ጋር የሥራ ውል የተፈራረመው ከአሥራ ሁለት ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ነው። ኤሊንግተን መከበርን በራሱ ገንዘብ ገዛ፤ ራንዶልፍ በስብሰባና በክርክር አስገኘ። የሁለቱ መንገድ ይለያያል። ለእኔ የሁለተኛው ሥራ የበለጠ ዘላቂ ይመስለኛል፤ ቢሆንም በዚያች ሌሊት፣ በዚያች ከተማ፣ አሥራ አምስት ደክሞአቸው የመጡ ሰዎችን ማስተኛት የነበረበት ሰው ሌላ ምን ማድረግ እንደሚችል አይታየኝም።

ከፉርጎው የወጣው ደግሞ አልጋና እራት ብቻ አይደለም። ኤሊንግተን በታኅሣሥ 1933፣ በዚያው ዓመት ወደ ደቡብ ከተደረገ ጉዞ በኋላ፣ «ዴይብሬክ ኤክስፕረስ» የተባለውን ድርሰቱን አስቀረጸ። የንጋት ፈጣን ባቡር ማለት ነው። ባቡሩ ከቆመበት ቀስ ብሎ ሲነሣ፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ፣ ሲያፏጭ፣ በመጨረሻም ሲቆም በናስ መሣሪያዎችና በሳክስፎን ይሰማል። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሐዲድ የሚሠራው 39 ጫማ፣ ማለትም 11.9 ሜትር ርዝመት ባላቸው ብረቶች ሲሆን በብሎን ይጋጠሙ ነበር። መንኰራኵሩ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ሲያልፍ ይመታል። ባቡሩ በሰዓት 60 ማይል ቢሮጥ በሰከንድ 26.8 ሜትር ይሄዳል፤ ይህ ለ11.9 ሲካፈል በሰከንድ ወደ 2.25፣ በደቂቃ ወደ 135 ምት ይሆናል። ለጭፈራ የሚመች ፍጥነት ነው። በአልጋው ላይ ተጋድሞ ወር ሙሉ ይህን ሲሰማ ያደረ የሙዚቃ ሰው ሳይወድ በግድ ይማረዋል። ሙዚቃውን ሙሉ በሙሉ ሐዲዱ ሠራው ማለቴ አይደለም፤ ባቡርን በሙዚቃ ያስመሰሉ ሌሎችም ነበሩ። ኤሊንግተን ግን ባቡሩን ከሜዳ ላይ ቆሞ አላዳመጠውም፤ በውስጡ ይኖር ነበር።

ከዚህ የጠለቀው ምሳሌ የ1935ቱ ነው። በዚያ ዓመት እናቱ ሞተችበት። እጅግ ይወዳት ነበርና ሐዘኑ ከባድ ሆነ፤ የጉዞው ቀጠሮ ግን አልተሰረዘም። በደቡብ ሲጓዙ ኤሊንግተን ብቻውን በፉርጎው ውስጥ ተቀምጦ፣ በባቡሩ እንቅስቃሴ ውስጥ፣ «ሬሚኒሲንግ ኢን ቴምፖ» የተባለውን ድርሰት ጻፈ። በዚያ ዘመን አንድ የሙዚቃ ቁራጭ የሸክላውን አንድ ገጽ፣ ሦስት ደቂቃ ያህል፣ እንዲሞላ ይጠበቅ ነበር። ይህ ግን አራት ገጽ ወሰደ። የተለመደውን የጭፈራ ሙዚቃ የጠበቁ ሐያሲዎች አልወደዱለትም። ቤት ገብቶ የሚያለቅስበት ጊዜ ያልተሰጠው ሰው ልቅሶውን በሥራ ቦታው እንደ ተቀመጠ ያስቡታል ወይ? የዛሬ አድማጭ ያስባል።

በመንገድ ላይ ከኖሩት እልፍ ተራ ምሽቶች አንዱ በአጋጣሚ ተጠብቆልናል። ኅዳር 7 ቀን 1940 ኦርኬስትራው በሰሜን ዳኮታ፣ በፋርጎ ከተማ፣ ለአንድ የጭፈራ ምሽት ተገኘ። ጃክ ታወርስና ዲክ በሪስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ፈቃድ ጠይቀው፣ ተንቀሳቃሽ የሸክላ መቅረጫ ይዘው መጥተው፣ ከመድረኩ አጠገብ ተክለው ሌሊቱን ቀረጹት። ለሽያጭ ብለው አልነበረም። ቅጂው በይፋ የታተመው በ1978 ሲሆን ከዚያ በኋላ የግራሚ ሽልማት አግኝቶአል። በውስጡ የዳንሰኞቹ ድምፅ፣ የሰው ጨዋታ፣ የብርጭቆ ኳኳታ ይሰማል። የዚያን ዕለት ሬይ ናንስ የተባለው ትራምፔት ነፊ ገና ለኦርኬስትራው አዲስ ነበር። የተለየ በዓል አይደለም፤ ነገ ደግሞ ሌላ ከተማ አለ። ከዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጋር የሥራ ሠፈር የዞረው ሙዚቃ ይኸው ነው፤ በምሽት በድንኳን ውስጥ ከስልኬ ሳዳምጠው ሰዎቹ ደክሞአቸው እንደ ነበረ አንዳችም ምልክት አላገኘሁበትም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ኤሊንግተን ለምን አላረፈም? ከ1940ዎቹ አጋማሽ በኋላ የትልልቅ ኦርኬስትራዎች ገበያ ወደቀ። በ1946 መጨረሻ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቤኒ ጉድማንን፣ ቶሚ ዶርሲንና ሐሪ ጄምስን የመሳሰሉ ስመ ጥር መሪዎች ኦርኬስትራቸውን በተኑ። ካውንት ቤዚም በ1950 ወደ ትንሽ ቡድን ወረደ። ኤሊንግተን ግን አልበተነም። ከድርሰቶቹ የሚያገኘውን የደራሲነት ገቢ ለሙዚቀኞቹ ደመወዝ ያውለው ነበረ። በ1955 ክረምት፣ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በበረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ ትርኢተኞች ማጀቢያ እስከ መሆን ደረሰ። ይህን ውርደት የተቀበለው ለምንድን ነው?

ምክንያቱን ራሱ ደጋግሞ ገልጾአል፤ የጻፈውን ወዲያው ለመስማት ይፈልግ ነበር። ኤሊንግተን የሚጽፈው ለመሣሪያ ሳይሆን ለሰው ነው። በኖታው ራስጌ «ሁለተኛ ትሮምቦን» በማለት ፈንታ የሰውየውን ስም ያሰፍር ነበር። የጆኒ ሆጅስን ሳክስፎን አስቦ የጻፈው በሌላ ሰው እጅ ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ መሣሪያው ፒያኖው አይደለም፤ መሣሪያው አሥራ አምስቱ ሰዎች ናቸው፤ እነሱን አንድ ላይ የሚያቆያቸው ደመወዝ ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለው ደግሞ መንገዱ ነው። እኛ መሐንዲሶች የነደፍነው ድልድይ ተሠርቶ ጭነት ሲያልፍበት ለማየት ዓመታት እንጠብቃለን፤ አንዳንዴም ሳናይ እንዛወራለን። ኤሊንግተን ሌሊት በባቡር የጻፈውን በማግስቱ ማታ ይሰማው፣ ያልያዘውን ያርመው ነበር። ለዚህ ዕድል ሲል ነው ሌላውን ሁሉ የከፈለው።

የከፈለው ብቻውን እንዳልነበረም መታወቅ አለበት። ጂሚ ብላንተን በ1939 በሴንት ልዊስ የተገኘ፣ የባስን አጨዋወት የለወጠ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ያህል አብሮአቸው ከዞረ በኋላ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ካሊፎርኒያ ላይ ቀረ፤ በ1942 በ23 ዓመቱ ሞተ። ትሮምቦንን እንደ ሰው ያናግር የነበረው ጆ ናንተን በሐምሌ 1946፣ ኦርኬስትራው በጉዞ ላይ ሳለ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አረፈ። ሆጅስ በ1951 ሌሎችን አስከትሎ ወጣ፤ በ1955 ተመለሰ። የኤሊንግተን ልጅ መርሰር በ1978 ባወጣው መጽሐፍ ስለ አባቱ ሲጽፍ ቅሬታውን አልሸሸገም። ቢሊ ስትሬይሆርን ግን፣ ከ1939 እስከ 1967 የኤሊንግተን ቀኝ እጅ የነበረው ደራሲ፣ ብዙውን ጊዜ ኒው ዮርክ ተቀምጦ በስልክ እየተመካከረ ይሠራ ነበር። የኦርኬስትራው መለያ የሆነው «ቴክ ዘ ኤ ትሬይን» የእሱ ድርሰት ነው፤ እሱም ስለ ባቡር መሆኑ አያስደንቅም።

የግል ፉርጎዎቹን ዘመን ጦርነቱ ዘጋው። ባቡሩ ለወታደር ተፈለገ፤ ሙዚቀኞቹም ከተራው መንገደኛ ጋር በተጨናነቀ ፉርጎ፣ በኋላም በአውቶቡስ ይጓዙ ጀመር። ኤሊንግተን ለብዙ ዓመታት አውሮፕላን ይፈራ ስለ ነበር ረጅሙን መንገድ ሁሉ በምድር ነበር የሚጓዘው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ በኋላ አውቶቡሱን ለሌሎቹ ትቶ በሐሪ ካርኒ መኪና ይሄድ ጀመር። ካርኒ በ1927 በአሥራ ሰባት ዓመቱ ኦርኬስትራውን የተቀላቀለ፣ ባሪቶን ሳክስፎን የሚነፋ፣ ቃለ አጭር ሰው ነው። ከሥራ በኋላ ሌሊቱን መሪውን ይይዛል፤ ኤሊንግተን ከጎኑ ተቀምጦ መንገድ ያመለክታል፣ ዝም ብሎ ያስባል፣ ድንገትም ወረቀት አውጥቶ ይጽፋል። ከ1956 በኋላ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የተዘረጋው ሰፊ አውራ ጎዳና ጉዞአቸውን አሳጠረ። መንገድ ሠሪዎቹ ግን ያንን ጎዳና በአያሌ ከተሞች ውስጥ ሲያሳልፉ የጥቁሮችን ሠፈር እየሰነጠቁ፣ ቀድሞ ኦርኬስትራውን ያሳድሩ የነበሩትን ቤቶች እያፈረሱ ነበር። በሙያችን ታሪክ ውስጥ ይህ በደንብ ሊጠና የሚገባው ጉዳይ ነው።

በነዚያው ዓመታት የመድልዎው ጥያቄ በራሱ በኤሊንግተን ላይም ተነሣ። በጥር 1951 በሪችመንድ ከተማ፣ ተመልካቹን በቀለም ለይቶ በሚያስቀምጥ አዳራሽ ሊጫወት በመሆኑ የጥቁሮች መብት ማኅበር ተቃወመው፤ ዝግጅቱም ተሰረዘ። በነገሩ አዝኖና ተቆጥቶ እንደ ነበረ ይነገራል። ከ1961 ጀምሮ ግን በውሎቹ ላይ ለተከፋፈለ ሕዝብ አልጫወትም የሚል አንቀጽ አስገባ። አዳራሹንና ሆቴሉን ለሁሉ የከፈተው ሕግ የወጣው በ1964 ነው።

በኋለኛው ዘመን ጉዞው ባሕር ተሻገረ። በ1963 በመንግሥት ተልኮ ከደማስቆ እስከ ዴልሂና እስከ ሴሎን ዞረ፤ ጉዞው የተቋረጠው በኅዳር ወር ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በመገደላቸው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ አዲስ አበባ ደረሰ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ሸለሙት። በቦስተን የተማረው ሙላቱ አስታጥቄም ከኦርኬስትራው ጋር ሠራ። የወሎ ረኀብ ዜና በዓለም የተሰማበት፣ የካቲትም ሊገባ ወራት የቀረው ጊዜ ነበር። እንግዳውም ጤና አልነበረውም፤ በሳንባ ካንሰር ታምሞ ነበር፤ ሆኖም ከኢትዮጵያ ወደ ዛምቢያ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር መንገዱን ቀጠለ።

ግንቦት 16 ቀን 1966 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አረፈ። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት በተፈጸመ ማግስት ልጁ መርሰር ኦርኬስትራውን ይዞ፣ አስቀድሞ የተያዘ ቀጠሮ ስለ ነበር፣ ወደ ቤርሙዳ ሄደ። ሐሪ ካርኒም ከኦርኬስትራው ጋር ቀጠለ። ካርኒ የሞተው በጥቅምት 1974 ነው።